ቃል ለዘገየበት ልጅ ዜማና ሥዕል

ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን በአፉ የማይመሰክር ወላጅ በአገራችን አይገኝም። ነገር ግን ስጦታው እኛ ባሰብነው መልክ ሳይመጣ የቀረ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ምስክርነታችን ይፈተናል። በስሙ ሲጠሩት ዘወር የማይል፥ ዐይን ለዐይን የማይገጥም፥ ሦስት ዓመት ሞልቶት ገና «እማ» ያላለ፥ ብቻውን ተቀምጦ አንዱን ዕቃ ደጋግሞ የሚያሽከረክር፥ የለመደው ነገር በተለወጠበት ጊዜ ምድርን በእግሩ እየመታ የሚጮኽ ልጅ በቤት የተገኘ እንደ ሆነ፥ ጎረቤት «ምን ነክቶት ነው?» ይላል፤ ዘመድም «ከማን የመጣ ነው?» እያለ የእናቱንና የአባቱን ዘር ይቈጥራል። ወላጆቹም እንግዳ በመጣ ቍጥር ልጁን ወደ ጓዳ ማስገባት ይጀምራሉ። በዚህ ወር ለቤተ ሰብ ገጻችን የመረጥነው ነገር ስለዚህ ልጅ ነው፤ ይልቁንም ዜማና ሥዕል ልጁን ከጓዳ አውጥተው ከቤተ ሰቡ ጋራ እንዴት ሊያገናኙት እንደሚችሉ ነው።

ይህ ሁኔታ በሐኪሞች ዘንድ ኦቲዝም ይባላል። ስሙ «ራስ» ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሌኦ ካነር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. የ11 ልጆችን ሁኔታ መርምሮ በጻፈ ጊዜ ነገሩ በሕክምናው ዓለም እየታወቀ ሄደ። ኦቲዝም የአእምሮ አስተዳደግ ልዩነት ነው እንጂ እንደ ጉንፋን የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ እናት ስላልተጠነቀቀች ወይም አባት ስላልገሠጸ የሚመጣም አይደለም። መጠኑም ከልጅ ልጅ ይለያያል። አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ብዙ ቃል ሳይናገር ይኖራል፤ ሌላው ተናግሮ፥ ተምሮና ሥራ ይዞ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። እንግዲህ በአንድ ታላቅ ደብር በሚሰበሰበው ምእመን ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ የለም ለማለት አይቻልም፤ በደጀ ሰላሙ ያልታየ እንደ ሆነ፥ ስለ ሌለ ሳይሆን ስላልመጣ ነው።

ስለ ምን አልመጣም? ከሁሉ አስቀድሞ ስለምናፍር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፥ ኦቲዝምና ሌላም የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች በአዲስ አበባ የሚያሳክሙ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከእነርሱም 45 ከመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፥ 27 ከመቶ ያህሉም ነገሩን ከሰው ለመሰወር እንደሚጥሩ ተናገሩ። እነዚህ እንኳ ልጃቸውን አውጥተው ወደ ሐኪም ያደረሱት ናቸው። ልጁን ከቶ ከቤት ያላወጣው ወላጅ ልብ ምን ይል ይሆን? ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኀጢአቱ የማን እንደ ሆነ ጌታችንን በጠየቁት ጊዜ፥ የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን እንደ ነገራቸው በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ተጽፎ እናነባለን። ይህን ወንጌል በቤተ ክርስቲያን ቆመን ሰምተን፥ ወደ ቤት ስንመለስ የልጃችንን ዝምታ እንደ ኀጢአት ዋጋ የምንቈጥር ከሆነ፥ የሰማነውን በደጅ ትተነው ገባን ማለት ነው።

ይህን መጋረጃ በአገራችን በአደባባይ ከገለጡት ሰዎች መካከል ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። በውጭ አገር ኖረው ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ይሠሩ ነበር። ልጃቸው ኦቲዝም ስለ ነበረበትና የሚስማማው ትምህርት ቤት ማግኘት ስላስቸገራቸው፥ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ኒያ ፋውንዴሽን የተባለውን ድርጅት መሥርተው በሥሩ ጆይ የኦቲዝም ማእከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። እኚህ ሴት ልጃቸውን ከመሰወር ይልቅ ስለ ልጃቸው በሰው ፊት መናገርን መረጡ። መናገር ለሚከብዳቸው ልጆችም «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ብለው የሰየሙትን የማስተማሪያ መንገድ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ቢለዩም፥ የጀመሩት ነገር ለብዙ ወላጆች አፍ ሆኗል። በዚያው በአዲስ አበባ ነህምያ የኦቲዝም ማእከልም በወላጆች ተነሣሽነት ተቋቁሟል።

«አቡጊዳ» የሚለው ቃል ለደብረ ታቦር አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በየደብሩ የዛፍ ጥላ ሥር ልጆች «ሀሁ»ን ከጨረሱ በኋላ ወደ «አቡጊዳ» ተሻግረው፥ የኔታ ሲያሰሙአቸው እየተቀበሉ በአንድ ድምፅ የሚደግሙት ነው። ፊደላችን እያንዳንዱ አንድ ሙሉ ድምፅ ስለ ሆነ፥ በዜማ ለመያዝና ለመደጋገም የተመቸ ነው። ቃል የዘገየበትን ልጅ ለመርዳት የተነሣ ሰው ከዚህ ጥንታዊ ስም መጀመሩ እንግዲህ ሊያስደንቀን አይገባም።

ይሁን እንጂ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የፋርጣ፥ የጋይንት፥ የእስቴ፥ የስማዳ ገበሬ እርሻውንና ከብቱን ትቶ፥ ሌሎቹን ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥቶ፥ አንዱን ልጅ ይዞ በዚያ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው «ማእከል ወዴት አለ?» የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባውም፤ «በቤታችን ያለው ምንድን ነው?» ብለንም መጠየቅ አለብን።

በቤታችን ያለው ጥቂት አይደለም። የደቡብ ጎንደር ደጋ የዜማ አገር ነው። የድጓ መምህራን ትምህርታቸውን የሚያስመሰክሩበት ቤተ ልሔም በጋይንት ይገኛል፤ የዝማሬና መዋሥዕት ትምህርት ቤት የሆነችው ዙር አምባም በዚያው በጋይንት ናት። በቅኔያቸውና በጨዋታቸው የታወቁት አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በፎገራ ነው፤ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋምም ከደብረ ታቦር ጋራ ስሙ ተያይዞ ይኖራል። በዚህ ትምህርት ጆሮ ብቻ አይሠራም። እጅ ጸናጽል ይይዛል፥ ትከሻ ከመቋሚያው ጋራ ይወዛወዛል፥ እግር ከከበሮው ጋራ ይረግጣል። ከዚህም ሁሉ ይልቅ አንድ ሥርዐት አለው፤ አንዱ ይመራል፥ ሌላው ይቀበላል፤ በቀኝ ያለው ሲያነሣ በግራ ያለው ይመልሳል። መነጋገር ማለትስ ከዚህ ምን ይለያል? አንዱ ይናገራል፥ ሌላው ሰምቶ ይመልሳል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚቸገረው በዚህ በመስጠትና በመቀበል ላይ ነውና፥ ዜማ ያለ ቃል ይህን ሊያለማምደው ይችላል።

ይህን ነገር በሥራ ከፈተኑት መካከል አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፖል ኖርዶፍና እንግሊዛዊው የልዩ ትምህርት መምህር ክላይቭ ሮቢንስ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሰንፊልድ በተባለ የልጆች ማሳደጊያ ተገናኝተው አብረው መሥራት ጀመሩ። ዘዴያቸው ልጁን መዝሙር ማስጠናት አልነበረም። ልጁ ሲጮኽ ለጩኸቱ በፒያኖ ይመልሱለታል፤ ከበሮ ሲመታ በመታው መጠንና ፍጥነት ይከተሉታል፤ ልጁም ያሰማው ድምፅ ከሌላ ሰው ዘንድ መልስ እንደሚያገኝ ቀስ በቀስ ያስተውላል። በእኛ አነጋገር እንግለጸው ካልን፥ በዚያች ሰዓት መሪው ልጁ ነው፤ ትልልቆቹ ተቀባዮች ናቸው። ወላጆች ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ቢሆን ይህን ቢይዙ እንወዳለን። ልጁን ዕለቱን ሙሉ የምናዝዘው እኛ ነንና፥ በቀን ጥቂት ደቂቃ እርሱ ይምራን፥ እኛ እንቀበለው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል፤ የተጨነቀ ወላጅን በባዶ ተስፋ ማታለል ግፍ ነውና። ዜማ ኦቲዝምን አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የታተመ ታላቅ ጥናት በ9 አገሮች ከ4 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን 364 ልጆች በሁለት ከፍሎ፥ ለግማሾቹ ከተለመደው እርዳታ ሌላ የሙዚቃ ሕክምና ቢጨምርላቸው፥ ከ5 ወር በኋላ ከሰው ጋራ በመግባባት ረገድ በምልክታቸው ላይ ከሌሎቹ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. 26 ጥናቶችን፥ በእነርሱም የተሳተፉትን 1,165 ሰዎች አንድ ላይ ያየው ምርመራ፥ የሙዚቃ ሕክምና ያገኙት በጠቅላላ ሁኔታቸው የመሻሻል ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑንና ኑሮአቸውም የተሻለ መልካምነት ሳያገኝ እንደማይቀር ገልጧል፤ በንግግርና በመግባባት ላይ ግን ግልጥ ማስረጃ አላገኘም። ስለ ሥዕል የተደረገው ምርመራ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። እንግዲህ «በዚህን ያህል ወር ልጅህን አናግርልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ አትመኑት። የምንፈልገው ልጁ ሌላ ልጅ እንዲሆን አይደለም፤ የምንፈልገው በቤቱ ደስ ብሎት እንዲኖር፥ እኛም እርሱን እንድናውቀው ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት የልጁን መስማት አስመርምሩ፤ የማይናገር ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት አይባልምና፥ ጆሮው ያልሰማ ሊሆንም ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም በደብረ ታቦር ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። ቀጥሎ አንድ ሳምንት ያህል ምንም ሳትጨምሩ ልጁን ተመልከቱት። የትኛው ድምፅ ያረጋጋዋል? የወንፊት ማንገዋለል ነው፥ የወፍጮ ድምፅ ነው፥ ወይስ የአያቱ የመዝሙረ ዳዊት ንባብ? የትኛውስ ጆሮውን ያስይዘዋል? ያያችሁትን ለቤተ ሰቡ ሁሉ ንገሩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንዲት የታወቀች ሰዓት ምረጡ፤ ከብቱ ከገባ፥ እሳቱ ከነደደ በኋላ የሆነ እንደ ሆነ መልካም ነው። ቦታው አንድ ይሁን፥ ጊዜውም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አይለፍ። ከፊቱ ወርዳችሁ በመደቡ ወይም በምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ጣሳ፥ የእንጨት ማንኪያ ወይም ትንሽ የቤት ከበሮ አኑሩለት። ልጁ ሁለት ጊዜ ቢመታ፥ እናንተም ሁለት ጊዜ ምቱና ዝም በሉ፤ ጠብቁት። ድምፅ ቢያሰማ ያንኑ ድምፅ በዜማ መልሱለት። ባይመታም አትቈጡት፤ የተወዛወዘ እንደ ሆነ ከውዝዋዜው ጋራ ቀስ ብላችሁ አንጐራጕሩ። ብዙ ወላጅ የሚቸገረው በመጠበቁ ላይ ነው፤ ዝምታው ረዘመብን ብለን እኛ እንሞላዋለን። ልጁ መልሱን የሚያዘጋጀው ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ሁለተኛም ለዕለቱ ሥራ ሁሉ አጭር ዜማ አውጡለት። ለእጅ መታጠቢያው አንድ፥ ለልብስ መልበሻው አንድ፥ ለመኝታው አንድ ይሁን፤ ቃሉ ከሦስትና ከአራት አይብለጥ፥ በየቀኑም አይለወጥ። ልጁ ዜማውን ከለመደ በኋላ የመጨረሻውን ቃል ትታችሁ ጠብቁ፤ በድምፅ ባይሆን በእጁ ወይም በዐይኑ ሊሞላው ይችላልና። ለልማዱ ብርቱ የሆነ ልጅ የሥራ መለወጥ ያስጨንቀዋል፤ ዜማው ግን «አሁን ይህ አልቆ ያ ሊመጣ ነው» ብሎ አስቀድሞ ይነግረዋል። እናቶቻችን «እሹሩሩ» እያሉ ሕፃን ሲያስተኙ ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል።

ሦስተኛው ነገር ሥዕል ነው። አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያንን ግድግዳ በሥዕል የሞሉት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ፊደል ያልቈጠረው ምእመን ታሪኩን በዐይኑ እንዲያነብ ነው። ቃል ለዘገየበት ልጅም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። በወረቀት ላይ ውሃ፥ እንጀራ፥ መኝታ፥ ደጅ፥ ቤተ ክርስቲያን ሣሉለትና በግድግዳው ላይ በእርሱ ቁመት ልክ አኑሩ። ውሃ በሰጣችሁት ቍጥር የውሃውን ሥዕል አሳዩት። ከብዙ ቀን በኋላ ራሱ ሥዕሉን በጣቱ ቢነካ ወይም አምጥቶ ቢሰጣችሁ፥ ያ ልጅ ተናገረ ማለት ነው፤ ወዲያው ውሃውን ስጡት። ጩኸቱም የሚቀንሰው የልቡን የሚያስታውቅበት ሌላ መንገድ ሲያገኝ ነው።

ልጁ ራሱ እንዲሥልም ዕድል ስጡት። ቀለም መግዛት የግድ አይደለም። በሰፌድ ላይ ዱቄት በስሱ ነስንሳችሁ በጣቱ ይሣል፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል ይሣል፤ የሸክላ ጭቃ ይድቦልቦል። እናት ስፌት በምትሰፋበት ጊዜ አለላውን በየቀለሙ እንዲለይላት ከጎኗ ታስቀምጠው፤ ወስፌውን ግን ከእጁ ታርቀው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ልጆች ነገርን በሥርዐት መደርደርና አንዱን ቅርጽ መደጋገም ይወዳሉ። በመሶብ ላይ የሚዞረው ጌጥ፥ በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሣለው ሐረግም ከመደጋገም የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ልጁ መቶ ጊዜ ክብ ቢሥል «ሌላ ሣል» አትበሉት፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ እናንተም ክብ ሣሉ፥ በኋላም በክቡ ውስጥ አንዲት ነጥብ ጨምሩና ምን እንደሚያደርግ እዩ።

በእንግሊዝ አገር በ1974 እ.ኤ.አ. የተወለደው ሠዓሊ እስቲቨን ዊልትሸር ኦቲዝም ያለበት ሲሆን፥ በሕፃንነቱ አይናገርም ነበር፤ ከመጀመሪያ ቃሎቹም አንዱ «ወረቀት» የሚለው እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬ ታላላቅ ከተሞችን አንድ ጊዜ ከሰማይ ተመልክቶ በትዝታ በመሣሉ በዓለም የታወቀ ነው። ይህን ያነሣነው ግን ወላጆች በልጃቸው እጅ የተሰወረ ድንቅ ነገር እንዲጠብቁ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ስጦታ ለጥቂቶች ነውና። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰው ለልጁ የሚወደውን ወረቀት ሰጠው፥ ልጁም ያን ወረቀት ለመጠየቅ ቃል አወጣ።

የሚያስፈልገውንም ጥንቃቄ እንናገር። ለእኛ ደስ የሚለን ድምፅ ለእርሱ ሕመም ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል የከተማይቱ ስም በዓል ነው፤ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፥ ማታ ችቦ ይበራል፥ «ሆያ ሆዬ» በየደጁ ይጨፈራል። ያ የጅራፍ ጩኸት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከአልጋ ሥር ሊያስገባው ይችላል። ወላጅ ግን አስቀድሞ ቢዘጋጅ በዓሉ ለእርሱም በዓል ይሆናል። ከበዓሉ ጥቂት ቀን በፊት ጅራፉን ሳይጮኽ አሳዩት፥ ይንካው፤ ቀጥሎ ከሩቅ አንድ ጊዜ ይጩህለት። በዕለቱ ጆሮውን በጋቢ ሸፍኑለት። የሠፈሩን ልጆች «እኛ ደጅ ስትደርሱ ጅራፉን ተዉና ቀስ ብላችሁ ጨፍሩ» ብላችሁ ለምኑአቸው፤ ሙልሙሉንም እርሱ በገዛ እጁ ያድላቸው። ዓመቱን ሙሉ ከእርሱ የሸሹ ልጆች በዚያ ቀን ከእጁ ተቀብለው «ክበር» ሲሉት፥ ያ ለልጁም ለእነርሱም ትምህርት ነው።

ቤተ ክርስቲያን መሄድንም በዚሁ መንገድ ማለማመድ ይገባል። አንዲት እናት የንስሓ አባቷን «አባ፥ ልጄ በቅዳሴ መካከል ይጮኽብኛል፥ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ያየኛል፤ ቤት ልተወው ወይ?» ብላ ብትጠይቅ፥ መልካም አባት «ልጄ፥ እርሱም በአርባ ቀኑ የተጠመቀ ነው፤ አምጪው» ይላታል እንጂ ተይው አይላትም። በደጋው አገር ብዙው ምእመን በቅጽሩ ውስጥ በዛፍ ሥር ቆሞ ማስቀደሱ ለእንዲህ ያለ ልጅ ምሕረት ነው፤ ከግፊያው ርቆ፥ ዜማውን ከሩቅ እየሰማ መቆየት ይችላልና። በመጀመሪያ ሰው በሌለበት ቀን ግቢውን አሳዩት፤ ቀጥሎ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይቁም፤ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨመርለት።

ስለ ጠበልም እንጠየቃለን። ጠበል ጸጋ ነው፤ ማንም አይከለክላችሁም። ነገር ግን የሚንቀጠቀጠውን ልጅ በግድ ይዞ መድፈቅ፥ ወይም ማሰርና መምታት እምነት አይደለም። በኦቲዝም ከሚኖሩት መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው አሉና፥ ሐኪም ያዘዘውን መድኀኒት ለጠበል ብሎ ማቋረጥ ለሕይወቱ አደገኛ ነው። የንጉሥ ሳኦልን ታሪክ እየጠቀሱ «ዳዊት በበገናው መንፈስን እንዳራቀ፥ እንዲሁ ዜማ መንፈሱን ያባርርለታል» የሚሉም አይጠፉም። ሳኦል ሌላ ነው፥ ይህ ልጅ ሌላ ነው። በበገና ድምፅ ልጁ ቢረጋጋ፥ ለእኛም እንደሚሆንልን ነፍሱ ዕረፍት ስላገኘች ነው እንጂ፥ ከእርሱ የወጣ ክፉ ነገር ኖሮ አይደለም።

ይህ ሁሉ በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ላሉ ወላጆች 9 የኅብረት ትምህርትና 3 የቤት ጕብኝት ያለው ሥልጠና አዘጋጅቶ፥ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። በዚያ ሥልጠና ወላጆች የሚማሩት ከልጁ ጋራ መጫወትን፥ የቤቱን የዕለት ሥራ ለትምህርት ማዋልን፥ የራሳቸውንም ድካም መጠበቅን ነው። አስተማሪዎቹም የግድ ሐኪሞች መሆን አያስፈልጋቸውም። ይህ ወደ ቤታችሁ እስኪደርስ ድረስ፥ ማኅበሩና ሰንበቴው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ጽዋው በደረሰ ጊዜ አንዲት ሴት ለሁለት ሰዓት ያህል ልጁን ብትይዝላት፥ እናት ዐረፍ ትላለች። አያት ተረቱን በዜማ ቢነግሩት፥ ወንድም ከእርሱ ጋራ ከበሮ ቢመታ፥ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩም ከመዘምራኑ ጥግ ቦታ ቢሰጠው፥ የአንድ ቤት ሸክም የአጥቢያው ሸክም ይሆናል።

የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት፥ መምህሩ አባ ጌዴዎን ስለ ገረፉት እንደ ሸሸ በገድሉ ይነገራል። ይህን ስንል ቅዱሱ ኦቲዝም ነበረበት ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲቱ ትል እየወደቀች ደጋግማ ስትወጣ፥ በሰባተኛውም ከዛፉ ራስ ስትደርስ አይቶ ወደ ትምህርቱ የተመለሰው፥ አርጩሜው ሳይሆን ዐይኑ ያየው ነገር አስተምሮት ነበር። በስድስተኛው ውድቀት ላይ ቆመን ልጃችንን «አይሆንለትም» ያልን እንደ ሆነ፥ ሰባተኛውን ማን ያየዋል?

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ዛሬ ማታ እሳቱ ዳር ስትቀመጡ ልጁን ከጓዳ አምጡት። ከፊቱ አንድ ጣሳ አኑሩለት፤ እስኪመታም ጠብቁት፥ በመታም ጊዜ ተቀበሉት። ዛሬ ባይመታ ነገ እንደ ገና አኑሩለት። ልጆችን ወደ እርሱ እንዳይመጡ የከለከሉትን የገሠጸ ጌታ ለእናንተ ትዕግሥትን፥ ለልጆቻችሁም ጤናንና ዕድሜን ይስጥልን። አሜን።